ጠርዝ ላይ የቀረችው ፕላስተር

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም የሚያውቋት በቅጽል ስሟ ነው፤ እትዬ እንፋሎት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፣ እሷም ጠልታው አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለችው የማምከኛ ክፍል የሐኪሞችን መቀስና መቆንጠጫ በእንፋሎት ስትቀቅል የኖረች ሴት ታዲያ ምን ትባል? ሐኪሞቹ አውቶክሌቭ የሚሉትን፣ በሩ እንደ ካዝና የሚቆለፈውን የብረት በርሜል እሷ «ድስቴ» ነው የምትለው። «ዛሬ ድስቴ አኩርፏል» ካለች ቀኑ ለሁሉም የመከራ ቀን ነው፤ ኦፕራሲዮን የለም ማለት ነው።

ሥራዋን በደንብ ላስረዳችሁ፤ ጉዱ የሚመጣው ከዚያው ነውና። የታጠቡትን መሣሪያዎች አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች። ጨርቁን ከአራቱም በኩል አጥፋ ትጠቀልልና ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ወትፋ በፕላስተር ታሽገዋለች። ፕላስተሩ ታዲያ ቁስል ላይ እንደምንለጥፈው አይደለም። ላዩ ላይ ለዐይን የሚያስቸግሩ ፈዛዛ መስመሮች አሉት፤ እንፋሎቱ ሲያገኛቸው ጥቁር ይሆናሉ። መስመሩ ከጠቆረ ጥቅሉ ድስት ገብቶ ወጥቷል፣ ካልጠቆረ አልገባም። ፈዛዛው ወደ ድስት፣ ጥቁሩ ወደ መደርደሪያ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እጇ ሌላ ነገር አያውቅም። ሀብታም ሆስፒታሎች ጥቅሉ ውስጥም ሁለተኛ ምስክር የሚሆን ወረቀት ይከታሉ አሉ። እዚህ ግን ወረቀቱ ካለቀ ወራት አልፏል፣ «መንገድ ላይ ነው» እየተባለ።

ማንም ያላስተማራት የራሷ ዘዴም ነበራት። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ስንት ጥቅል እንዳለባት ታይና በዚያው ልክ ፕላስተር ትቆርጣለች፤ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተርታ ታንጠለጥላቸዋለች። ለአንድ ጥቅል አንድ ቁራጭ፣ እላዩም ላይ በእስክሪብቶ የዕለቱ ቀን። ሥራው ሲያልቅ ጠርዙ ባዶ መሆን አለበት። ባዶነቱን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ነው ድስቷን የምትለኩሰው።

አለቃዋ ሲስተር ቁልፍ ናት። የሆስፒታሉን ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው እንደዚያ የተባለችው። ከመድረሷ በፊት ኮቴዋ ሳይሆን ቁልፏ ይሰማል፣ ይሄም ለሠራተኛው ትልቅ ውለታ ነው። ደግ ሴት ናት፤ ግን አንድ የማትለቀው ነገር አላት። «የተጠቀለለ ጨርቅ ገልጦ የሚያይ ሰው የለም» ትላለች። «እዚህ ክፍል የሚሠራ ሰው ከላይ የሚያየው አምላክ እንዳለ ካላወቀ አለቀልን!» ይሄን ስትል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ሠራተኛ ሻይ ላይ «እኔ እንኳ በዚህ በእምነቱ ነገር ብዙም አይደለሁም» ብትል በሳምንቱ ካርድ ክፍል ተዛውራ ተገኘች። እስከ ዛሬ እዚያው ካርድ ትፈልጋለች።

ጣጣው ታዲያ እትዬ እንፋሎት ራሷ ማመን ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ሰው ይሄን ቢሰማ ትልቅ ምክንያት ይፈልግላታል። ባሏ ሲሞት ነው ይላል፣ ልጅ ስላልወለደች ነው ይላል። አይደለም። ባሏ የሞተ ጊዜማ የዚያን ያህል ጸልያ አታውቅም። እምነቷ የሄደው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ጨርቅ ስታጣጥፍ። እንደ ልማዷ በልቧ «ጌታዬ» ብላ ጀመረችና የሚሰማት እንደሌለ ታወቃት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ጨርቁን አጣጥፋ ጨረሰች። ቤቷ ገብታም ፈለገችው፣ በማግስቱም ፈለገችው፤ የለም።

ደግሞ የአንደበቷ ልማድ መች ይለቃታል! «እንዴት አደርሽ» ሲሏት «እግዜር ይመስገን» ካላለች ሰው ሁሉ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ይላታል። አንድ ጠዋት ለበሩ ዘበኛ «ደህና ነኝ» ብላ ብቻ ብትመልስለት ሰው የሞተባት መስሎት እስከ ደረጃው ሸኛት። «ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አልሆንኩም!» ብላ ነው የገላገለችው። ከዚያ ወዲህ ትግሉን ተወችው።

ያስጨነቃት ግን የእምነቱ መሄድ አልነበረም፤ ተከትሎት የሚሄደው ነገር ነው። እስከ ዛሬ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «እግዜርን ያልፈራ ሰው፣ ማንም በሌለበት ምን ይይዘዋል?» ይሏት ነበር። እሷም ጥያቄውን አምና ነው ያደገችው። እና አሁን ምን ይይዛታል? ጥሩ ሰው ነበርኩ፣ ምናልባት ጥሩ የሆንኩት ፈርቼ ከሆነስ? ማንም የማያይበት ቀን ሲመጣ ምን ሆኜ እገኝ ይሆን? ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ቁልቁለቱን ትጠብቅ ጀመር።

ራሷንም ትሰልል ነበር፣ ምስኪን። አንድ ቀን ጎረቤቷ ፀጉሯን ተቆርጣ መጥታ «አማረብኝ?» ብትላት «በጣም!» ብላ መለሰች፤ ፀጉሩ ግን የሚያሳዝን ነበር። ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ «በቃ፣ ጀመረኝ!» አለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ነው ያስታወሰችው፤ ለካ ይቺኑ ውሸት ለይቺው ጎረቤት ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሙሉ እምነቷም ጊዜ፣ ስትዋሽ ኖራለች። ትንሽ ቀለላት፣ ግን ትንሽ ብቻ።

ያ ቀን የመጣው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ገና ጥቅሎቿን እየሠራች ሳለ ቁልፉ ተንሿሿና ሲስተር ቁልፍ ገባች።

«አዲስ ረዳት ተፈቅዶልሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለች። «የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ሥራውን ሌላ ቦታ ሠርታዋለች። ሰኞ ትመጣለች። እኔ ወረቀቷን አያለሁ፣ ዋናውን ግን አንቺ ነሽ የምትጠይቂያት።»

«ዋናው ምንድነው ሲስተር?»

«ምን ትያለሽ አንቺ ደግሞ! እግዜርን ትፈራለች ወይ ብለሽ ነዋ። ይሄን ካንቺ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ሲስተር ቁልፍ ወጣች። እትዬ እንፋሎት ጨርቅ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የማታምን ሴት የሌላ ሰው እምነት መርማሪ ልትሆን! እጇ ግን እንደለመደው ወደ ሥራው ተመለሰ። አጠፈች፣ ጠቀለለች፣ ለጠፈች፤ ሐሳቧ ሰኞ ላይ ነው። ተላላኪው መጥቶ «ለሐሞት ከረጢቷ ኦፕራሲዮን» ብሎ ከመደርደሪያው ሦስት ጥቅል ሲወስድም ቀና ብላ አላየችውም። ድስቷን ለኮሰች። በዚያን ቀን ጠርዙን በመዳፏ አልዳሰሰችውም።

አራት ሰዓት ገደማ ድስቱ አብቅቶ ጥቅሎቹን አወጣች። ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ ደረደረቻቸው። ጠረጴዛውን ስትወለውል ጨርቁ አንድ ነገር ያዘው። ጎንበስ ብላ አየች። ጠርዙ ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ተንጠልጥላለች፣ መስመሯ ፈዛዛ።

መጀመሪያ «አንድ አብዝቼ ቆርጬ ነው» አለች። ግን በሃያ ስድስት ዓመት አብዝታ ቆርጣ አታውቅም። ታዲያ አንድ ጥቅል ያለ ፕላስተር ሄዷል ማለት ነው። የትኛው? እንዴትስ ፕላስተር የሌለውን ጥቅል ሳታይ ቀረች? ከዚያ ገባት። ጨርቆቹ ታጥበው የሚመለሱ ናቸው። አጣቢው የድሮውን ፕላስተር ነቅሎ ነው የሚያጥባቸው፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ሳይነቀል አብሮ ታጥቦ ይመጣል፣ መስመሩ ካለፈው ጊዜ እንደጠቆረ። ጠዋት ከእንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ አንዱን ጠቅልላለች። አሮጌው ፕላስተር ልክ መዝጊያው ላይ ውሏል። ዐይኗ ጥቁር አየ፣ እጇም እንደለመደው ጥቅሉን ወደ ድስቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ወሰደው። ሐሳቧ አብሯት ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ሁሉም ላይ የራሷ ጽሕፈት አለ። ቀን የሌለው አንድም የለም። እንግዲህ ያ ጥቅል ተላላኪው ከወሰዳቸው ሦስቱ አንዱ ነው። ያልተቀቀለ መቀስ በዚች ደቂቃ የሐሞት ከረጢት በሽተኛዋ ሆድ ሊገባ ነው።

ከምድር ቤት እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል ሦስት ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ደግሞ ለበሽተኛ ብቻ። እትዬ እንፋሎት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም ለደረጃ ብዙ ፍቅር የለውም። ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንደኛው ፎቅ ላይ ቀረ። አንድ ጠያቂ የያዘውን ብርቱካን በተነችበት፣ «ወይኔ፣ ይቅርታ!» አለች ሳትዞር። ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ያለው ቀዩ መስመር ጋ ስትደርስ በባዶ እግሯ ቆማ በሩን በቡጢ ደበደበችው።

«አትንኩ! እቃውን እንዳትነኩ!»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ክንዶቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ቆሟል። ከኋላው መሣሪያዎቹ ተደርድረዋል፣ በሽተኛዋም ማደንዘዣ ወስዳ ተኝታለች። ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር የሚታየው እግሯ ብቻ ነው፤ ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፣ የትልቁ ጣት ቀለም ተልጧል።

«ምን ተቃጠለ?» አለ ሐኪሙ።

«ከሦስቱ ጥቅሎች አንዱ ድስት አልገባም። ጥፋቱ የኔ ነው። ፕላስተሩ የድሮ ነው፣ ቀን የለውም።»

ነርሷ የተፈቱትን ጨርቆች አገላበጠች። ሦስተኛው ላይ ጫፉ የተሸበሸበ፣ ጽሕፈቱ ታጥቦ የጠፋ አሮጌ ፕላስተር አገኘችና ከፍ አድርጋ አሳየች። መሣሪያዎቹ ተደባልቀዋል፣ ስለዚህ ሁሉም መነሳት አለበት።

«ስልክ ባይዘኝ ኖሮ አሁን ጀምሬ ነበር» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እትዬ እንፋሎት እጅ ተመለከተ፤ ያቺ ፈዛዛ ቁራጭ እስካሁን ጣቷ ላይ ተለጥፋለች። «ማን አይቶ ነገረሽ?»

«ማንም አላየም።»

«በሉ ሌላ እቃ አምጡ። እኔም እንደገና ልታጠብ፤ ዛሬ ቆዳዬ አለቀ!» አለና ወደ ቧንቧው ዞረ።

ስትወርድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ተርፋለች፣ ተርፋለች» ትላለች ለራሷ፣ እንባዋም ይወርዳል። የዚያች ሴት የተላጠ የጥፍር ቀለም ከዐይኗ አልጠፋ አለ። እንባዋን ስትጠርግ ፕላስተሯ ጉንጯ ላይ ተለጠፈች፤ ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የመጣላት።

ዝም ብትልስ? ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይቺ ሐሳብ በአጠገቧም አላለፈች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ሴትዮዋ ከሳምንት በኋላ ቁስሏ ቢያመረቅዝ፣ ቁስል በስንት ነገር ያመረቅዛል! ስለ ሥራዋ አላሰበችም፣ ስለ ካርድ ክፍሉ አላሰበችም፣ ማን ያየኛል ማንስ አያየኝም ብላ አልጠየቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ፈተና መጥቶ፣ ተፈትና፣ አልፋ፣ ውጤቱን ገና አሁን መስማቷ ነበር። ሳቋ መጣ። ብርቱካን የተበተነበት ሰውዬ ነጠላ ጫማዋን ይዞላት ሲወጣ ብቻዋን ስትስቅ አገኛትና ጫማውን አጠገቧ አስቀምጦ በፍጥነት አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ቁልፍ ቢሮዋ ጠራቻት። የስህተቱ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሲስተር ቁልፍ አላነበበችውም፤ ተነስታ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት።

«ይኸው! ሁልጊዜ የምለው ይሄንን ነው! እግዜርን የሚፈራ ሰው ማለት እንዲህ ነው!»

«አሜን» ብሎ መውጣት ይቻል ነበር። አንዲት «አሜን» ብቻ። ግን ያን ቀን እውነት አፏን ለምዶት ነበር።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ አላምንም።»

«ምኑን?»

«እግዜርን። ሁለት ዓመቴ ነው።»

ሲስተር ቁልፍ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቁልፎቹ እንኳ ዝም አሉ። «ታዲያ ማንን ፈርተሽ ነው ሦስት ፎቅ የሮጥሽው?»

«ኧረ እኔ ማንንም አልፈራሁም። ሴትዮዋ ተኝታለች እኮ ሲስተር!»

ሲስተር ቁልፍ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። እትዬ እንፋሎትም የካርድ ክፍሉን አቧራ እስከ ማሽተት ደርሳ ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች በመጨረሻ ሲስተር ቁልፍ። «እኔ ብሆን መጀመሪያ በሩን ዘግቼ አስብ ነበር። ማን አወቀ፣ ምን እባላለሁ እያልኩ። ከዚያ እሱ እንደሚያየኝ ትዝ ይለኝና እወጣ ነበር። እወጣለሁ፣ ግን አስቤ ነው። ሁሉም ሰው እንደኔ ይመስለኝ ነበር።» ቁልፎቹን ለቀቀቻቸው። «እኔን እሱ ባይኖር እንጃ።»

«አንቺም ትሮጪ ነበር ሲስተር።»

«ተይኝ እስቲ! ራሴን አውቃለሁ» አለችና ሳቅ አመለጣት። «እንግዲህ ሰኞ አዲሷን ምን ብለሽ ልትጠይቂያት ነው?»

እትዬ እንፋሎት አሰበች። «ጠርዝ ላይ አንድ ፕላስተር ቀርቶ ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ እላታለሁ።»

ሲስተር ቁልፍ ራሷን ነቀነቀች። «ደህና ጥያቄ ነው። ካርድ ክፍል ያለችውንም ጠይቂያት» አለች፣ ዐይኗን ሪፖርቱ ላይ ተክላ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቷ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። እግራቸው ካበጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እሷም ከሥራ እንደተመለሰች ውሃ አሙቃ፣ ጨው በትና፣ ሙቀቱን በክርኗ ለክታ ታጥብላቸዋለች። ዛሬም እንደዚያው አደረገች። እግራቸውን ሳፋው ውስጥ አስገብታ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ የጠዋቱን ሁሉ አወራችላቸው። ቀይ ጥፍሩ ጋ ስትደርስ እናቷ «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ።

«እማዬ፣ ሌላም ነገር አለ። እንዳትደነግጪ።»

«ማመን መተውሽን ነው?»

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«አብረን ስንጸልይ አሜንሽ ይፈጥናል። ድሮ እኔን ትጠብቂ ነበር፤ አሁን ለመገላገል ነው።» አሮጊቷ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «አውቄ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው ልጄ። ለነፍስሽም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ከሁሉ በላይ ግን ለራሴ ነው የፈራሁት። ይቺ ልጅ እኔን አሮጊቷን የምታጥበኝ እግዜርን ፈርታ ከሆነ፣ አሁን ምን ይይዛታል እያልኩ። በየቀኑ እግሬን ስታስገቢው ውሃውን እጠብቀው ነበር። ዛሬ ይቀዘቅዛል፣ ነገ ይቀዘቅዛል እያልኩ።»

«እና?»

«ሁለት ዓመት ነው እንግዲህ። አንድ ቀን ቀዝቅዞ አያውቅም።»

እትዬ እንፋሎት ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ ግን ከባድ ነገር ከጫንቃው እንደወረደለት ሰው ነው ያለቀሰችው። እናቷ ፀጉሯን እየዳበሱ ጠበቋት።

«ቢሆንም» አሉ ቆይተው፣ አንዴ የያዙትን መች ሊለቁ! «ያስሮጠሽ እሱ ነው። ብታምኚም ባታምኚም።»

«ይሁን እማዬ፣ አልከራከርሽም። ጉልበቱ ግን የኔ ነው፤ ይኸው አብጧል።»

እናቷ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሳፋው ውስጥ እግራቸውን ወደ አንድ ጎን ሰበሰቡላት።

«በይ ጫማሽን አውልቂ» አሏት። «ውሃው ገና አልቀዘቀዘም።»